የእጩው ዳኛ ማን ነው?

የምርጫ ወራት በደረሰ ቁጥር ስለ ተወዳዳሪዎች ብዙ ይወራል። አንዱ ንግግር ያውቃል ይባላል፤ ሁለተኛው የትልቅ ሰው ልጅ ነው ይባላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ታማኝነቱ ያጠራጥራል ተብሎ በጎን ይታማል። እጩው እስከ ዛሬ ምን ሠራ፣ በተናገረውስ ቃል ጸና ወይ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ምርመራው የመራጩ ሥልጣን መሆኑ መረሳቱ ነው። ይህን በአንድ የአሜሪካ እንደራሴ ታሪክ ለማስረዳት እንወዳለን፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጁሊያን ቦንድ በ1940 በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ ምሁር ናቸው። ልጁ ግን በአባቱ ስም ተጠልሎ መኖርን አልመረጠም። በአትላንታ የሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ በማርች 1960፣ ጥቁሮች በማይስተናገዱበት የማዘጋጃ ቤት ምግብ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ በመቀመጡ ታሰረ። በሚቀጥለው ወር የተማሪዎችን የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በኋላም የኮሚቴውን የማስታወቂያ ክፍል መራ። ለዚሁ ሥራ ሲል ትምህርቱን አቋርጦ ዲግሪውን የተቀበለው በ1971 ነው።

በ1965 ለጆርጂያ ስቴት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲወዳደር ለሕዝብ ያቀረበው መዝገብ ይኸው ነበር። መራጮቹም መዝነው 2,320 ድምፅ ሰጡት፤ ተወዳዳሪው 487 አገኘ።

በጃንዋሪ 1966 ኮሚቴው የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። ቦንድም መግለጫውን እደግፋለሁ አለ። ምክር ቤቱ ይህ አነጋገር ከሕገ መንግሥቱ መሐላ ጋር አይስማማም በማለት፣ በጃንዋሪ 10 ቀን በ184 ድምፅ ለ12 ወንበሩን ከለከለው፤ እርሱ ግን መሐላውን ለመፈጸም ዝግጁ ነበር። ምርጫው እንዲደገም ተደረገ፤ ሕዝቡም ያንኑ ሰው መልሶ ላከ። የምክር ቤቱ አንድ ኮሚቴ ቃልህን አንሣ ቢለው እምቢ በማለቱ እንደገና ተከለከለ። በኖቬምበር ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጠ። በመጨረሻ በዲሴምበር 5 ቀን 1966 የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ምክር ቤቱ የቦንድን የመናገር ነጻነት ጥሷል ብለው ፈረዱ፤ በ1967 መጀመሪያም ወንበሩን ያዘ።

ምክር ቤት ክብሩን መጠበቅ አለበት የሚሉ ይኖራሉ። እኛም እንስማማለን። ዕድሜንና መኖሪያን፣ ሕግ የወሰነውንም ሌላ መመዘኛ ይመርምር። አሳብን መመዘን ግን የመራጩ ነው። በዚያ ዓመት የተበደለው ቦንድ ብቻ አልነበረም፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሁሉ ያለ እንደራሴ ቀርተዋል።

በ1986 ቦንድ የዲሞክራቲክ ፓርቲ የኮንግሬስ እጩ ለመሆን ተወዳደረ። መራጮች ግን የቀድሞ የትግል ጓደኛውን ጆን ሉዊስን መረጡ። ሽንፈቱ ምንም መራራ ቢሆን ግፍ አልነበረም። ያን ጊዜ አይሆንም ያለው ባለ ሥልጣኑ ዳኛ፣ ሕዝቡ ራሱ ነበርና።

በየማኅበራችን ምርጫም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ወንድሞችና እኅቶች፣ የእጩውን ዘር ወይም አንደበት ሳይሆን ሥራውን ጠይቁ። ከብዶት ሳለ የጸናበትን ቃልና ቀልሎት ሳለ ያጠፈውን ለዩ። አስመራጭ ኮሚቴም በአሳቡ ምክንያት ማንንም ከዝርዝሩ እንዳይሰርዝ ተጠንቀቁ። ክፉ አሳብ ያለው እጩ ቢኖር፣ እርሱን የምንጥልበት ካርድ በእጃችን አለ።