ለእማዬ እንቅስቃሴ አትከልክሏት

እዚህ መርጡለ ማርያም እናት ቁርጥማት ሲጀምራት ልጆቿ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ እንሠራዋለን» ይሏታል። በፍቅር ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ብዙ የተቀመጠ ጡንቻ ይከሳል፤ የከሳ ጡንቻ ደግሞ ሰውን ይጥላል።

አንዱ የቁርጥማት ዓይነት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ብግነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጡንቻንም ያዳክማል። ታዲያ እንቅስቃሴ ይህን ይከላከላል? በሰው ላይ ብቻ ማጥናት ያስቸግራል፤ ስንንቀሳቀስ ልቡም፣ ሳንባውም፣ ሆርሞኑም አብሮ ስለሚሠራ የትኛው እንደጠቀመን መለየት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥሩ መላ ዘየዱ። ከሰው የጡንቻ ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚኮማተር ጡንቻ አሳደጉ። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ብግነት የሚያባብስ ፕሮቲን ለ7 ቀን ሲጨምሩበት ጡንቻው ከሳ፤ አቅሙም ቀነሰ። ያንኑ ፕሮቲን እየጨመሩ በኤሌክትሪክ እያኮማተሩ «ስፖርት ያሠሩት» ጡንቻ ግን ከጉዳቱ ከሞላ ጎደል ተረፈ። ልብ በሉ፣ እዚያ ልብም ሳንባም የለም። ጡንቻው ሲሠራ ራሱን በራሱ ይከላከላል ማለት ነው።

በእርግጥ ላቦራቶሪ ያደገ ጡንቻ አያመውም፤ ደም ግፊትም የለበትም። ስለዚህ «ጥናት ተገኝቷል» ብላችሁ እማዬን ዳገት አታስወጧት። መገጣጠሚያዋ አብጦ ከጋለ፣ ትኩሳት ካላት ወይም ደረቷን ከወጋት መጀመሪያ ትመርመር። የታዘዘላትንም መድኃኒት አታቋርጥ።

ሲሻላት ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር ትነሳ፣ ትቀመጥ። ቡናዋን ራሷ ታፍላ። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ሳይሆን፣ ከቻለች ቀስ እያለች በእግሯ ትሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሷ ከ5 ደቂቃ ብትጀምርም ከምንም ይሻላል።

«ዕድሜዋን ሙሉ ውሃና እንጨት ስትሸከም ኖራ አሁንም አትረፍ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሸክሙ ይቅርላት። ሸክም መቀነስና እንቅስቃሴ መከልከል ግን ለየቅል ናቸው። እንስራውን ተቀበሏት፤ እግሯን ግን አትሰሯት።

እናንተ ቤት እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እናቱን ለሚወድ ሁሉ ሼር አድርጉ።