ከኪቶ ፉርዲሳ፦ ጨረር ቆጣሪ ለገዙና ሊገዙ ላሰቡ

ውድ አንባቢ፣

የምጽፍልዎ ከጅማ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ካለበት ከኪቶ ፉርዲሳ ነው። በእጅ የሚያዘው ጋይገር ቆጣሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተ ሙከራ የማይወጣ ዕቃ ነበር። ዛሬ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊያመጣልን ይችላል። ዕቃው እኔ ጋ እንዳለ የሰማ ጎረቤት ሁሉ ታዲያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «እስቲ ያንን የኔትወርክ ማማ ለካልን!»

ማማውን አይለካውም። የስልክ ማማ፣ ዋይፋይና ማይክሮዌቭ የሚለቁት ሞገድ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንጠቅ አቅም የለውም፤ ቆጣሪው ደግሞ የተሠራው ኤሌክትሮን የሚነጥቀውን ጨረር እንዲሰማ ነው። ማማው ሥር ቆመው ቁጥሩ ካልጨመረ ዕቃው ስለ ማማው በጎም ክፉም አልተናገረም። ቴርሞሜትር ይዞ ጤፍ እንደመመዘን ነው። «ለክቼ ነፃ ሆነ» ብሎ ለሰፈሩ ማወጅም፣ ማማው ሥር ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ስላለ ሰው ማስደንገጥም ያው አንድ ስህተት ነው።

በቆጣሪው ውስጥ ያለው ጋዝ የተሞላ ቱቦ ነው፤ በብዙዎቹ ርካሽ ቆጣሪዎች ላይ ወደ 400 ቮልት ይሰጠዋል። ጨረር ገብቶ ከጋዙ ኤሌክትሮን ሲያወጣ፣ ያ ኤሌክትሮን ሌሎችን እየገፋ በቅጽበት ናዳ ይሆናል፤ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ሃንስ ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1908 የጀመረውን ሥራ በ1928 ከዋልተር ሙለር ጋር ዛሬ ወደምናውቀው ቱቦ አደረሰው። ቱቦው መቁጠር እንጂ መመዘን አይችልም። ደካማውም ኃይለኛውም ጨረር ለእሱ ያው አንድ ጠቅታ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ በማይክሮሲቨርት (በጨረር መጠን መለኪያው) የሚታየው ቁጥር ፋብሪካው አንድ ዓይነት ጨረር፣ ብዙ ጊዜ የሲዚየም 137ን፣ አስቦ ያስቀመጠው ግምት ነው። እኔ የማምነው በደቂቃ የተቆጠረውን ጠቅታ ነው።

እሱም ቢሆን በጥንቃቄ። በተለመደው ትንሽ ቱቦ ምንም በሌለበት ክፍል በደቂቃ 20 ገደማ ጠቅታ ቢሰሙ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀጣዩ ደቂቃ 13፣ የሚከተለው 27 ቢሆንስ? ቤትዎ አልተለወጠም፤ ጨረር እንዲሁ በዘፈቀደ ነው የሚመጣው። የሚጠበቀው መዋዠቅ የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው፦ ለ20 ከ4 በላይ፣ ይህም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጥረው 1,200 ቢያገኙ መዋዠቁ 35 ገደማ፣ ማለትም 3 በመቶ ብቻ ነው። ሳሎንና ጓዳን ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሂድ። እጁ ላይ ይዞ እየዞረ፣ ከፍ ባለ ቁጥር «አገኘሁ!» የሚል ሰው የሚያገኘው ዕድልን ነው።

ምንም ባልቀረበበት የሚሰማው ጠቅታ ከየት መጣ ይሉ ይሆናል። ከአፈሩ፣ ከግድግዳው፣ ከሰማይ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ይጨምራል። በሌላ በኩል የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ስለሚያልፍ፣ ከዚያ ጨረር የተወሰነውን ወደ ኋላ ይመልስልናል። ከእግራችን በታች በብዛት ያለው ባዛልት ደግሞ በተለምዶ ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየምና ቶሪየም የያዘ ድንጋይ ነው።

ቡናውንስ? ጅማ ተቀምጦ ቡና ያልለካ የለም። ቡና ፖታሲየም አለው፤ ከፖታሲየም ውስጥ ጥቂቱ፣ 0.012 በመቶ ገደማው፣ ፖታሲየም 40 የተባለው ጨረር አመንጪ ነው። በአንድ ኪሎ ቡና ውስጥ በየሰከንዱ ብዙ መቶ አቶሞች ይፈርሳሉ። ጉድ ነው አይበሉ፤ 70 ኪሎ በሚመዝን ቡና ጠጪ ሰውነት ውስጥ በዚሁ በፖታሲየም ብቻ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ ይፈርሳሉ። ከቡናው የሚወጣውም አብዛኛው እዚያው ፍሬው ውስጥ ይቀራል፤ ቱቦው ከአጋሮም ከሊሙም የመጣውን ቡና ከባዶ ጠረጴዛ ለመለየት ይቸገራል።

ከቡናው ይልቅ ዝናቡን ይለኩ። ለዚህ ሙከራ ከጅማ የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ከአፈር የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ አየር ላይ ሲፈርስ ወደ እርሳስ 214ና ቢስመዝ 214 ይለወጣል፤ ዝናብ እነዚህን አጥቦ ያወርዳቸዋል። ጥቂት ቀን ደረቅ ከርሞ ዝናብ ሲጥል፣ መብረቁ ጋብ እንዳለ ውጭ የቆመ መኪና ላይ ያለውን ጠብታ በሶፍት ይጥረጉ፤ ሳይዘገዩ ሶፍቱን ወደ ቱቦው ያስጠጉ። ጠቅታው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ይመዝግቡ፤ ጭማሪው በግማሽ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሶፍቱ ተራ ሶፍት ነው። መጠኑ የሚያሰጋ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የአቶም መፍረስን በዓይኑ የሚያይበት ከዚህ የረከሰ ትምህርት አላውቅም፤ የግቢው መምህራን ቆጣሪ ለሰፈር ትምህርት ቤቶች ቢያውሱ ደስ ይለኛል።

ራዶንን ካነሳን አይቀር፣ የቤት ነገር ከሆነ ዋናው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከትምባሆ ቀጥሎ ከሳንባ ካንሰር ዋና ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል፤ በቤት አየር ውስጥም በሜትር ኩብ ከ100 ቤክሬል (በየሰከንዱ ከሚፈርሱ 100 አቶሞች) እንዳይበልጥ ይመክራል። የእርስዎ ቆጣሪ ግን ይህን አይነግርዎትም። ራዶን የሚለቀው አልፋ የተባለ ጨረር የቱቦውን ግድግዳ አያልፍም። ራዶን የሚለካው ለሦስት ወር ያህል ክፍል ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ልዩ መለኪያ ነው። መድኃኒቱ ግን መለኪያ አይጠብቅም፦ መስኮት ይክፈቱ። ክረምት ነው፣ ይበርዳል ብለው ዘግተው ከሰል አንድደው ቡና የሚያፈሉ ከሆነ ደግሞ፣ የከሰሉ ጭስ ከራዶኑ ቀድሞ ይገድላልና ዛሬውኑ ይክፈቱ።

ታዲያ ዕቃው ምን ይጠቅማል? ለውጥን ይጠቁማል። ቤትዎ በደቂቃ 20 እንደሆነ በረጅም ቆጠራ ካወቁ፣ አንድ ቀን አንድ ቁራጭ ብረት አጠገብ 300 ሲል ዕድል እንዳልሆነ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያንያ ከተተወ ሆስፒታል የወጣ የሲዚየም ምንጭ በቁራጭ ብረት ነጋዴ እጅ ገብቶ አራት ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ሚት ሃልፋ መንደር አንድ ገበሬ የኢሪዲየም ምንጭ አግኝቶ ቤቱ አስገባው፤ እሱና ልጁ ሞቱ። እንዲህ ያሉ ምንጮች በሕክምና፣ በብየዳ ፍተሻና በመንገድ ሥራ መለኪያዎች ውስጥ በየአገሩ አሉ፤ ከጠፉ መጀመሪያ የሚያገኛቸው ቁራሌው ነው።

ስለዚህ ለቁራሌው ወዳጅዎ ቢጫ ላይ ያለውን የሦስት ክንፍ ምልክት ያሳዩት። ቆጣሪዎ በድንገት ከፍ ካለና ደጋግሞ ካሳየ ዕቃውን አይክፈቱ፣ አያንሱ፣ ለፎቶ ብለው አይጠጉ። ጨረሩ በጣም ሲበረታ አንዳንዱ ርካሽ ቆጣሪ ተጨናንቆ ዝም ይላልና ቁጥሩ ወረደ ብለውም አይመለሱ። ሰውን ያርቁ፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርስብዎ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ ለፖሊስ ይደውሉ፣ የጨረራ ቁጥጥሩን ለሚመራው ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን እንዲያሳውቁም ይጠይቋቸው።

አክባሪዎ፣
ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ጅማ