ፖርታል ቬይን ከአልትራሳውንድ ውጤት አይቅር

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ደም አስታውከው ሆስፒታል ከሚደርሱ ሕመምተኞች መካከል «ጨጓራ ነው» ተብለው መድኃኒት ሲወስዱ የከረሙ አሉ። ጣፊያቸው አብጦ በወባ ስም ብቻ የሚታከሙም አሉ። የአንዳንዶቹ ሕመም ምንጭ ግን የፖርታል ቬይን መዘጋት ነው። አልትራሳውንድ እያለ ይህ ደም መልስ ሳይታይ መታለፉ ያሳስበኛል።

ፖርታል ቬይን ከአንጀትና ከጣፊያ የተሰበሰበውን ደም ለጉበት ያደርሳል፤ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው። በውስጡ ደም ሲረጋ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ጣፊያ ያብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉ ደም መልሶች ይወጠራሉ፣ ሲፈነዱም ሕይወት ያሰጋል። ለመርጋቱ የጉበት ጠባሳ፣ የጉበት ካንሰር፣ የቆሽት ብግነት ወይም በጨቅላነት ያመረቀዘ እትብት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ የሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዝያም በዚሁ ደም መልስ ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ጥሎ ግፊቱን ይጨምራል።

አዲስ የረጋ ደም በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ እንደሚፈስ ደም ጠቁሮ ሊታይ ስለሚችል ያለ ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) ያመልጣል። ዶፕለር ሲከፈት የሚፈሰው ደም በቀለም ይለያል። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ደም የቆመ እንዳይመስል የማሽኑ የፍጥነት መለኪያ ልክ ዝቅ መደረግ፣ የድምፅ ሞገዱ ማዕዘንም ከ60 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በረጋው ደም ውስጥ የደም ቅዳ ምት ከተገኘ ካንሰር ወደ ደም መልሱ መግባቱን ያመለክታል፤ ያኔ ሕክምናው ሌላ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ደም ላስታወከ፣ ጣፊያው ላበጠ ወይም ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው በሚሠራ የሆድ አልትራሳውንድ ውጤት ላይ የፖርታል ቬይን ስፋት፣ ክፍት መሆኑና የደሙ አቅጣጫ የግድ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በክልል ሆስፒታሎች አልትራሳውንድ የሚያነሱ ባለሙያዎች በዶፕለር አጠቃቀም የተግባር ሥልጠና ያግኙ።

በጊዜ የተደረሰበት የረጋ ደም በሐኪም ክትትል በሚሰጥ ደም አቅጣኝ መድኃኒት ሊከፈት ይችላል። የቆየውም ቢሆን በመድኃኒትና በኢንዶስኮፒ መድማቱን መከላከል ይቻላል። ዶፕለር ያላቸው ሆስፒታሎች ይህን ለመጀመር አዲስ ማሽን አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ከእናንተ የሚወርድ ግልጽ መመሪያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም