ስለ አሎሎ ክብደት አንድ ሐሳብ

ከስፖርት ሜዳ ርቆ የቆየ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አስቀድሞ የሚፈተነው በጡንቻው ሳይሆን በኩራቱ ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ትከሻ ላይ ደርሶ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አሎሎ ወርዋሪ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉና ፈተናው ያዘኝና ሦስት ዓመት ሙሉ ብረት ሳልነካ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት እዚሁ አርባ ምንጭ ጓደኞቼን ተከትዬ ወደ አንድ ሜዳ ወረድሁ። በሜዳው የተገኘው አሎሎ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዐዋቂ ወንዶች መወዳደሪያ የሆነው 7 ኪሎ ከ260 ግራሙ ነው። «ይከብደኛል» ማለትን አፈርሁ። አራት ጊዜ ወረወርሁት፤ በአምስተኛው ትከሻዬ ከዳኝ። አንድ ወር ያህል ደብተሬን በደንብ መጻፍ እንኳ ተሳነኝ።

ከእኔ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በዚያው ቀን አብራን የመጣች የአንዲት እኅታችን ነገር ነው። ያንኑ ብረት አንሥታ ብትወረውር እግሯ ሥር ወደቀ። ሳቅን። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው አልተመለሰችም። የሴቶች መወዳደሪያ 4 ኪሎ መሆኑን እያወቅን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን አስይዘን ሳቅንባት።

«ወንድ ልጅ ብረት አያማርጥም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሕጉ ራሱ ግን ያማርጣል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች 5 ኪሎ፣ ሴቶች 3 ኪሎ ይወረውራሉ፤ ከ20 በታች የሆኑ ወንዶች ደግሞ 6 ኪሎ። በአንጋፎች ውድድር 50 ዓመት ለሞላው ወንድ ወደ 6፣ 60 ለሞላው ወደ 5 ኪሎ ይወርድለታል። ቦውሊንግ በሚባለውም ጨዋታ ከሁሉ የሚከብደው ኳስ 16 ፓውንድ ነው፤ ይህም ከወንዶች አሎሎ ጋር እኩል ነው። ይሁን እንጂ ቆይቶ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ሰው ከለመደው ኳስ አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ቀንሶ እንዲጀምር ይመከራል። ምክንያቱም ጡንቻ ቶሎ ይመለሳል፤ ጅማት ግን ይዘገያል። ልብም የድሮውን ጉልበት ብቻ ስለሚያስታውስ ያታልላል።

እንጨት ተሸክመው የሴቻን ዳገት ከሚወጡት እናቶች አንዲቱን አንድ ቀን አየኋቸው። ሸክማቸውን አሥረው ከፍ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት፤ ከዚያም ሁለት ግንድ መዘው ጣሉ። «እማማ፣ ስለ ምን ቀነሱት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ማንሣቱማ አያቅተኝም፤ የምይዘው ግን ቤቴ የማደርሰውን ነው» አሉኝ። እኔ በስብራት የተማርሁትን እርሳቸው በጥበብ ያውቁት ኖሯል።

እንግዲህ የሚመለስ ሰው እንዴት ይምረጥ? ብረቱን አንገቱ ሥር አስደግፎ፣ ሳይሽከረከር፣ በቆመበት ዐሥር ጊዜ ይወርውር። ዐሥረኛው እንደ መጀመሪያው ክርኑ ሳይወድቅ ከወጣ ክብደቱ ልኩ ነው። ክርኑ ከወረደ ወይም ብረቱን ከመግፋት ይልቅ እንደ ድንጋይ መወንጨፍ ከጀመረ አንድ ኪሎ ይቀንስ። በዚያም ጥቂት ሳምንት ይቆይና ከፍ ይበል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን ከመዋጮው ላይ ባለ 3፣ 4፣ 5ና 6 ኪሎ አሎሎዎች ይግዛ እላለሁ። ገንዘቡ ለሁሉ አይበቃም ከተባለ ባለ 4 ኪሎው ይቅደም። እርሱ ለሴቶች መወዳደሪያ፣ ከዕረፍት ለተመለስን ወንዶችም መጀመሪያ ስለሚሆን ሁለት ወገን ይጠቅማል። አንድ ብረት ብቻ ያለው ሜዳ ለጠንካሮች ብቻ የተከፈተ ሜዳ ነው፤ ጠንካሮቹም ቢሆኑ አንድ ቀን መድከማቸው አይቀርም።

ያች እኅታችን ይህን ጽሑፍ ካነበበች፣ ስለ ሳቄ ይቅርታ እለምናታለሁ። ባለ 4 ኪሎው የመጣ ዕለት የመጀመሪያው ውርወራ የእርሷ ይሁን። እኔም ከእርሷ ቀጥዬ፣ በዚያው ብረት፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።