ሜዳሊያና ወንበር

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ በ2011፣ አትሌት ስለሺ ስህን በ2017 ዓ.ም. ተረክበዋል። ሦስቱም በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ባለሜዳሊያዎች ናቸው። የሯጭን ችግር ሯጭ ያውቀዋልና ምርጫው እኔንም ያስደስተኛል። ይሁንና ሩጫና አመራር ለየቅል ናቸው። ሯጭ በገዛ እግሩ ያሸንፋል፤ ፕሬዚዳንት የሚመዘነው ግን ለሌሎች ባበጀው አሠራር ነው። ዝና ብቻውን ቢበቃ ኖሮ፣ ሻለቃ ኃይሌ በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ባልለቀቁ ነበር።

በ2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ አገራችን ያገኘችውን ብቸኛ ወርቅ ያመጣው ታምራት ቶላ፣ ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ የገባ ተጠባባቂ ነበር። አትሌት መምረጥ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። በእኔ እምነት፣ ከበቆጂም ሆነ ከከሚሴ ለሚነሳ ታዳጊ ከመሪው ሜዳሊያ ይልቅ የሚጠቅመው ግልጽ የመምረጫ መስፈርት ነው።