ሴፍቲኔት መብት እንጂ ችሮታ አይደለም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ አዝመራውን ሲመታ የሚራበው ገበሬው ብቻ አይደለም። የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ገበያም ይቀዘቅዛል። ጠላ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛውና ጡረታ የሌላቸው አረጋውያን አብረው ይቸገራሉ።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ለገጠሩ ነበር። ወደ ከተማ የመጣው በ2009 ዓ.ም ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች መካከል ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ብቻ ነበረች። በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ቢሰፋም መሠረታዊው ጥያቄ አልተመለሰም፦ ተጠቃሚውን የሚመርጠው ማን ነው? ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ የተቃዋሚ ደጋፊዎች ከእርዳታ እንደተገለሉ ገልጿል። መንግሥት በወቅቱ አስተባብሏል። እኛ ግን ማስተባበያ ሳይሆን ዋስትና እንፈልጋለን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። ይህ ግዴታ በዝርዝር ሕግ መታሰር አለበት። ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. የእርዳታ መስፈርቱ በአዋጅ ይወሰናል፤ የፓርቲ አባልነት መስፈርት ማድረግ በሕግ ያስጠይቃል።
2. ከፓርቲና ከቀበሌ ነፃ የሆነ አቤቱታ ሰሚ አካል ይቋቋማል።
3. የሴፍቲኔት ክፍያ በየዓመቱ ከእህል ዋጋ ጋር ይስተካከላል።
4. ትናንሽ የወረዳ ከተሞች እንደ ትላልቆቹ ይታያሉ።

የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ! ድሃ ለእንጀራው ሲል አቋሙን መደበቅ የለበትም። ድምፃችሁ የናንተ ነው፤ ማንም በስንዴ ሊለውጠው አይገባም።