ባጃጅ የማን ነው?
ለንግድ ምልክት መርማሪዎች ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በተለይም የንግድ ምልክት ማመልከቻ ለምትመረምሩ ባለሙያዎች፤

እኛ ጋ ከከዚራ ወደ መጋላ መሄድ የፈለገ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ «ባጃጅ!» ብሎ ይጣራል። የሚቆምለት ባለሦስት እግር ግንባሩ ላይ «ቲቪኤስ» የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። ተሳፋሪውም ሾፌሩም ነገሬ አይሉትም፤ የሚከራከሩት በሂሳቡ ነው። ባጃጅ የአንድ የሕንድ ፋብሪካ ስም እንደሆነ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ሲጠራው ግን ፋብሪካው ትዝ የሚለው የለም። ባዶ የውኃ ጠርሙስ የሚለቅሙ ልጆችም ኩባንያው የትኛውም ይሁን «ሃይላንድ» ነው የሚሉት። ኦሞና ሞዴስም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። የድርጅት ስም ሕዝብ አፍ ገብቶ የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ማንም አያስቆመውም።

የምጽፍላችሁ ግን ስለ ተቃራኒው ጉዞ ነው፦ ከሕዝብ አፍ ወጥቶ አንድ ድርጅት ፋይል ውስጥ ስለሚገባ ቃል። ይህ ነገር በሶፍትዌር ዘመን ከበፊቱ ይከፋል። «ሰላም ሻይ ቤት» የሚባል በየከተማው አለ፤ እያንዳንዱ በየሰፈሩ ሻዩን ስለሚሸጥ ጠብ የለም። አፕ ግን ሰፈር የለውም። ሁሉም የሚደረደረው አንድ መደብር ውስጥ ነው፤ ፈላጊው «ታክሲ» ወይም «ገበያ» ብሎ ይጽፋል፣ የሚወጣለትን ያወርዳል። በዚያ ቃል ላይ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ቅጽ ሞልቶ ለመደብሩ አቤት ካለ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሌላው አፕ ሊነሳ ይችላል። ድሬ ተቀምጦ በአንድ ላፕቶፕ አፕ የሠራ ልጅ አዲስ አበባ ጠበቃ አቁሞ የሚሟገትበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስሙን ቀይሮ ደንበኛውን ከዜሮ ይጀምራል፣ አለዚያ ይተወዋል።

ትልልቆቹም በዚሁ ተጣልተዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ሊንዶውስ የሚባል ትንሽ ድርጅት «ዊንዶውስ» የሚለውን ስሜን ወሰደብኝ ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ግን ጥያቄውን ወደ ኋላ ወሰዱት፦ ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1985 ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቃሉ በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ተራ መጠሪያ ነበር ወይ? ማይክሮሶፍትን ይህ ጥያቄ ያሰጋው ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ 20 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ከሳሹ ነው፤ ተከሳሹ ስሙን ለወጠ። አፕል «አፕ ስቶር» የኔ ነው ብሎ አማዞንን እ.ኤ.አ. በ2011 ከስሶ በ2013 ተወው። ኪንግ የተባለው የጌም ድርጅት ደግሞ «ካንዲ» የሚለውን ቃል ለብቻዬ ብሎ ካመለከተ በኋላ፣ ትናንሽ ጌም ሠሪዎች ሲጮኹ የአሜሪካ ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ2014 አነሳ።

ግን እናንተ ማይክሮሶፍትን ምን አስፈለጋችሁ? የራሳችሁ መሥሪያ ቤት ታሪክ ይበቃል። በመጋቢት 2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት መሥሪያ ቤታችሁ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመት ገደማው ነበር፤ የራሳችን የንግድ ምልክት አዋጅ እንኳ አልወጣም ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የዚያ አገር መርማሪ ለሐረር የሰጠው መልስ፣ ስሙ በነጋዴው ዘንድ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆኗል፣ ለማንም አይሰጥም የሚል ነበር። ድሬዳዋ ላይ ይህ መልስ እንዴት እንደሚሰማ ልንገራችሁ፦ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የሚመጣው በፀሐይ የደረቀ ቡና ተበጥሮ፣ ተቀምሶ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው ከእኛ ከተማ ነው። የገበሬው ላብ ስም የለውም እንደ ማለት ነው።

ያኔ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው መሥሪያ ቤታችሁ ግን አልተበገረም። ትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ስታርባክስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በስሞቹ ላይ ስምምነት ፈረመ፤ ሐረርም በመጨረሻ ተመዘገበ።

«ታዲያ ሐረርን ያስመዘገበ አገር ታክሲን አታስመዝግቡ ማለት ይችላል?» የሚለኝ ይኖራል። ይችላል። ሐረር የተያዘው ለመዝጋት አልነበረም፤ መንግሥት ስሙን ይዞ ለገዢዎች ፈቃድ የሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ዓላማው ሌላ ሰው ስሙን ወስዶ በገበሬው ላይ እንዳይዘጋው ነበር። «ታክሲ» ወይም «ገበያ» የሚለውን ቃል ለአፑ የሚያስመዘግብ ድርጅት የሚፈልገው ግን መዝጋቱን ነው፤ ገንዘብ የሚከፍልበትም ለዚሁ ነው።

ተራ ቃል ሁሉ ይከልከል እያልኩ አይደለም። የድሬው የኦግሳዴይ ቡና ጆንያው ላይ ፈረስ አለበት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ፈረስ የሚባል የታክሲ አፕ አለ። ፈረስ ቡናን አይገልጽም፣ መኪናንም አይገልጽም፤ ሁለቱ በየምድባቸው ይኖራሉ። (ጋሪ ነጂዎች ቅር ቢላቸው እንጂ፣ አቦ!) ጣጣው ቃሉ የዚያው አገልግሎት ስም ሲሆን ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998ም ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከሌላው የማይለይ፣ ዓይነቱንና ጥቅሙን ብቻ የሚናገር ምልክት አይመዘገብም ይላል። ሕግ አልጎደለንም።

የሚጎድለው፣ በእኔ ግምት፣ ጆሮ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ቀን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይሰማል። አንድ ድርጅት «ጋሪ» የሚል የታክሲ አፕ ይዞ ቢመጣላችሁ በአማርኛ ብቻ የሚያስብ መርማሪ፣ ጋሪና ታክሲ ስለሚለያዩ፣ ጥሩ ስም ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። በሶማልኛ ግን ጋሪ ማለት መኪና ነው። «ጌጂባ» ቢባልስ? ኦሮምኛ ለማይችል አዲስ የተፈጠረ ስም ይመስላል፤ ለሚችለው ግን ትራንስፖርት ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ለአንድ ሰው ለ7 ዓመት፣ ከዚያም እያደሰ እንዲይዘው መስጠት፣ የጎዴንና የጭሮን ሾፌር በገዛ ቋንቋው እንዳይጠራ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ቃሉ አዲስ ነው ከማለታችሁ በፊት ቋንቋውን የሚናገር ሰው ጠይቁ። ቃልና ሥዕል አብረው ሲመጡላችሁ፣ ቃሉ ለብቻው የአመልካቹ እንዳልሆነ የምስክር ወረቀቱ ላይ በግልጽ አስፍሩ። ለተቃውሞ የሚወጣው ማስታወቂያም ጋዜጣ ላይ ብቻ አይቅር፤ በየክልሉና በየከተማው ንግድ ቢሮ ይለጠፍ። እኛ ጋ ጋዜጣ የሚያነብ የባጃጅ ሾፌር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ንግድ ቢሮ ግን ፈቃድ ለማደስ ሁላችንም እንሰለፋለን።

አንድ ቀን አንዱ «ባጃጅ» የሚል አፕ ይዞ ቢሯችሁ ይመጣል። የሕንዱ ፋብሪካ በሚሠራው ተሽከርካሪ ላይ ያለውን መብት ማንም አይነካበትም። አመልካቹም አርማውን ይውሰድ። ነገር ግን የሌላው የድሬ ልጅ አፕ ውስጥ አንድ ቁልፍ ላይ «ባጃጅ ጥራ» ብሎ ቢጽፍ ወንጀለኛ እንዳይሆን፣ መልሳችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ